ሐበሻ የማይደርስበት ሱቅ

፩

…ዶሮውን ጎመን ሥር ቀበረችው።

ከዚህ ነው የምጀምረው። ከዚህ በፊት የሆነ ነገር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን ይቺን ታሪክ ከሥሯ ልንገራችሁ ባልኩ ቁጥር ስንዱ አንገቷን ትደፋብኛለች። አንገቷን የደፋች ሴት ይዞ መተረክ እንዴት እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል። ስለዚህ ቆራርጬ አመጣሁላችሁ። ለቁርጥራጮቹ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። ቁጥር የዘለልኩበት ካገኛችሁ ረስቼ አይደለም፤ እኔም አፍሬ ነው።

ዶሮው በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ፣ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ነው። ጎመኑ ሙሉ ዋጋ ነው። ይሄን ያዙልኝ።

፪

ማን ናት?

ስንዱ። የቢቸና ልጅ። ላይፕሲክ በምትባል የጀርመን ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። እናቷ ገበያ መሀል «ስንዱዬማ አውሮፓ ናት» ስትል ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፤ ከኋላ ያለው ሰው እንዲሰማ።

ስንዱ ግን አውሮፓ ሆና ምን እንደምትበላ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። የቤት ኪራይ ከከፈለች በኋላ የሚተርፋት ገንዘብ እንዲህ ብትዘረጋው እንዲያ ብትጎትተው ወር አይደርስላትም። ብርድ ልብስ አጥሮት አንዴ እግሩን አንዴ ራሱን የሚበርደው ሰው አለ አይደል? ኑሮዋ እንደዚያ ነው።

«ታዲያ ምን ያሳፍራል?» ትሉኝ ይሆናል። ምንም አያሳፍርም። ሂዱና ለእሷ ንገሯት እስኪ።

፫

መመሪያ፦ በቅናሽ እንዴት ይገዛል

ቅዳሜ ሂጂ። እዚያ አገር እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ወደ ማምሻው ላይ ሊበላሽ የደረሰውን ሁሉ ቀይ ወረቀት እየለጠፉ በግማሽ ዋጋ ያወጡታል።

ሰፈርሽ ወዳለው ሱቅ አትሂጂ። እዚያ ሐበሻ አለ። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ወዳለውም አትሂጂ። እዚያም አለ። ትራም ያዢ፤ ውረጂና ሌላ ትራም ያዢ። ሐበሻ የማይደርስበት ሱቅ እስክታገኚ ድረስ ተጓዢ።

ማቀዝቀዣው ጋ ስትደርሺ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሙሉ ዋጋ ያለውን አንስተሽ አገላብጪው፤ አንብቢው፤ አልጥምሽ ያለ አስመስለሽ መልሺው። ከዚያ እግር የጣለሽ መስለሽ ወደ ቅናሹ ጠጋ በዪ።

ቀዩን ወረቀት ወደ ታች አዙሪው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ ስትደርሺ ግን ወደ ላይ መልሺው፤ አለበለዚያ ሳታየው ሙሉውን ታስከፍልሻለች። እዚያች ላይ መቼም መፈጠርሽን ትጠያለሽ። ቶሎ ያልፋል፤ ስልክሽን እያየሽ ቆዪ።

ሐበሻ ካየሽ



(እዚህ ላይ መመሪያው ባዶ ነው። ሐበሻ እዚያ ድረስ ይመጣል ብሎ ማን አስቦ!)

፬

ማን ናቸው?

ጋሽ ድንበሩ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሄደው እዚያው ቀሩ። የአንድ ፋብሪካ መሐንዲስ ሆነው ሠርተዋል፤ ሁለቱ ጀርመኖች ተዋሕደው አገሩ ሲገለባበጥ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ያገኙትን ሲሠሩ ቆይተው ጡረታ ወጡ። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ጥቁር ባርኔጣ አላቸው። ሐበሻው እሑድ እሑድ ለቅዳሴ በሚከራየው አዳራሽ ውስጥ ሁሉም «ኢንጂነር» ነው የሚላቸው፤ የተጣላ የሚያስታርቁት፣ አዲስ የመጣ ተማሪ ከጣቢያ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው።

ስንዱንም የተቀበሏት እሳቸው ናቸው። ከባቡር ስትወርድ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሉና ሻንጣዋን ያዙ።

«ኧረ ጋሼ፣ ያምጡት! ነውር ነው!»

«ልቀቂ አንቺ ልጅ። ከእንግዳ እጅ ዕቃ ስንቀበል ነው ያደግነው።»

«እኔም ከትልቅ ሰው እጅ ስቀበል ነው ያደግኩት። ያምጡት!»

«ልቀቂ።»

«በሞቴ ጋሼ! በሞቴ!»

«ሞት ለጠላትሽ። ልቀቂ ብያለሁ!»

ሻንጣውን ሁለቱም ይዘው እዚያው ቆሙ። ጀርመኑ በግራም በቀኝም እያያቸው ያልፋል፤ አንዲት ሴትዮ ሌባ መስሏት ቆም ብላ ነበር። ማንም የእኛ ሰው ቢያይ ግን ምን እየተደረገ እንደሆነ አይጠፋውም። ሰላምታ እየተለዋወጡ ነው።

ጋሽ ድንበሩ አሸነፉ። ሻንጣውን ወገባቸውን እያመማቸው እስከ ትራሙ ድረስ ጎተቱላት። በሳምንቱ ብርዱ ሲጠና ወፍራም ካፖርት ይዘውላት መጡ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ጠዋት ይደውሉላታል፦ «ልጄ፣ ተነሳሽ? አውሮፓ ብሎ እንቅልፍ አለ እንዴ? ነይ ወደ ቅዳሴ!» አባቷን በልጅነቷ ያጣችው ስንዱ ስልኳ እስኪጮህ ድረስ ነቅታ ትጠብቃለች። አንስታ ግን የተኛች ሰው ድምፅ ታወጣለች። ሲቀሰቅሷት ደስ ይላታል።

፭

ሁዳዴ ነበር።

ይሄን ቀደም ብዬ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ ግን ቁጥሩ አልደረሰም።

በዚያው ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ድንበሩ «ጾሙ እንዴት ይዞሻል?» አሏት። «እየጾምኩ ነው ጋሼ» አለች። «ተባረኪ! አንቺን ሳይ የኛ ልጆች አልጠፉም እላለሁ» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

እውነት ለመናገር፣ ስትላቸው እውነት ነበር። ምስር ቀቅላ፣ ምስር ፈጭታ፣ ምስር በሩዝ፣ ሩዝ በምስር ስትበላ ነው የከረመችው። ከዚያ ቅዳሜ ሩቁ ሱቅ ሄደች፤ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ዶሮ በምስሩ ዋጋ ተቀምጦ አየች።

አማራት።

ችግር አስገድዷት ነው ብዬ ላልፍላት ፈልጌ ነበር። ግን ምስሩም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበረ፤ አየችው። ምራቋን ዋጥ አድርጋ እጇን ወደ ዶሮው ሰደደች። ይቺን ቁርጥራጭ ለዚህ ነው አጭር ያደረግኳት።

፮

የሆነው

ሱቁ መግቢያ ላይ ባዶ ጠርሙስ የሚቀበል ማሽን አለ። እዚያ አገር ውሃ ሲገዙ ለፕላስቲኩ ማስያዣ ይከፈላል፤ ባዶውን ለማሽኑ ሲያጎርሱት ቁጥሩን ይይዝና በመጨረሻ የማስያዣውን ወረቀት ይሰጣል፤ በወረቀቱ ዕቃ ይገዛበታል። ሰው ሁሉ የራሱን ይመልሳል። ከየመንገዱና ከየቆሻሻ ገንዳው የሰው ለቅሞ የሚመልስም አለ።*

ስንዱ ዶሮዋንና ጎመኗን በቅርጫት ይዛ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ስትሄድ ማሽኑ ጋ ጥቁር ባርኔጣ አየች።

ትልቅ ሰማያዊ ፌስታል እግራቸው ሥር ነው። ከውስጡ አንድ አንድ ሃይላንድ እያወጡ ያጎርሱታል። ማሽኑ የተጨማደደ አይቀበልም፤ መልሶ ይተፋል። ጋሽ ድንበሩ የተተፋውን ያነሱና አፋቸው ላይ አድርገው እፍ ይሉበታል፤ ፕላስቲኩ ቋ ብሎ ይነፋል፤ ጎኑን በአውራ ጣታቸው ደህና አድርገው ያቃኑታል፤ ከዚያ እንደገና ያጎርሱታል። ከየት የተነሳ ጠርሙስ እንደሆነ እንጃ። አፋቸው ላይ ነው ያደረጉት።

ቀና አሉ።

ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሄደ።

ስንዱ ያኔ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዶሮ። በሁዳዴ። በጋሽ ድንበሩ ፊት። ዶሮውን ጎመን ሥር ቀበረችው፤ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፤ ያገኘችውን ቆርቆሮ አንስታ ማንበብ ጀመረች። የድመት ምግብ ነበር። ስለ ድመት ምግብ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

ዞር ስትል ጋሽ ድንበሩ የሉም። የማስያዣውን ወረቀት ሳይወስዱ ነው የሄዱት። ማሽኑ ላይ ቁጥራቸው እንደበራ ነው፤ ከኋላቸው ተሰልፎ የነበረ ጎረምሳ የራሱን ጠርሙስ ጨመረበትና ወረቀቱን ስቦ ወሰደ።

*አገር ቤት ይሄን ሥራ ቆራሌ ይሠራዋል። «ቆራሌው!» ሲል የስንዱ እናት ባዶ ጠርሙስ ይዛ ትወጣ ነበር። እናትየው ዋጋ ስትከራከረው ስንዱ በር ላይ ቆማ ትስቅ ነበር። በማን እንደምትስቅ እናቷ ጠይቃት አታውቅም።

፯

እሷ ያሰበችው፦ ዶሮዬን አዩብኝ።

እሳቸው ያሰቡት፦

ይሄኛው የገባት ትራም ውስጥ ነው። ሒሳብ ከፍላ ዶሮውን ከቅርጫት ወደ ቦርሳዋ ስታስገባ ጎመኑ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይታ ነበር። ዶሮው አይታይም ነበር። ከማሽኑ ጋ ቆሞ ለሚያይ ሰው ስንዱ ጎመን የያዘች፣ እየጾመች ያለች፣ ጨዋ ልጅ ነበረች።

ታዲያ ጋሽ ድንበሩ ምን አዩ? ከጣቢያ የተቀበሏት፣ ካፖርት ያለበሷት፣ ልጄ ያሏት ልጅ ፊቷን ስታዞርባቸው አዩ። ለምን እንዳዞረች ደግሞ አንድ ምክንያት ብቻ ነው የሚታያቸው።

ጠርሙሱ።

«እኔን!» አለች ስንዱ ትራሙ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ቦርሳውን ሰብሰብ አደረገ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

ደግሞ ሌላም ነገር ገባት። ከጋሽ ድንበሩ ሰፈር እዚያ ሱቅ ለመድረስ ትራም ይዞ፣ ወርዶ፣ ሌላ ትራም መያዝ ያስፈልጋል። በየሱቁ ሐበሻ እያዩ፣ እየሸሹ፣ ሐበሻ የማይደርስበትን ሲፈልጉ ነው እዚያ የደረሱት። ልክ እንደሷ።

፰

እሑድ ስልኩ አልጮኸም።

ነቅታ ጠበቀች። አልጮኸም።

አዳራሹ ሄደች፤ ቅዳሴው አለቀ። ጋሽ ድንበሩ ከሰው ሁሉ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳሙ መጡ፣ እሷ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት ጣት ነካ አደረጉ።

«ወይዘሪት ስንዱ፣ እንደምን ሰነበቱ።»

አለፉ።

ልጄ የለም፣ አንቺ የለም፣ መታ መታ የለም። ቢቆጧት በስንት ጣዕሙ! ቢሰድቧት እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ትል ነበር። በዚያ ዓይነት ጨዋነት ላይ ግን በየት በኩል ተገብቶ ይወደቃል?

፰ (እንደገና)

የስልክ ንግግር፣ በዚያው ቀን፣ ከቢቸና

እናት፦ ሃሎ! ስንዱዬ! ይሰማል?

ስንዱ፦ ይሰማል እማዬ።

እናት፦ ድምፅሽ ምን ሆኗል?

ስንዱ፦ ብርዱ ነው።

እናት፦ በልተሻል?

ስንዱ፦ በልቻለሁ።

እናት፦ ምን?

ስንዱ፦ …ምስር።

እናት፦ ተባረኪ። እኒያ ደግ ሰውዬ፣ ኢንጂነሩ፣ ደህና ናቸው?

ስንዱ፦ ደህና ናቸው።

እናት፦ አደራ፣ ከሳቸው አትራቂ። ባዳ አገር ላይ አባት ማግኘት ቀላል እንዳይመስልሽ። ሰላም በያቸው። በሁለት እጅሽ ሰላም በያቸው እሺ?

ስንዱ፦

እናት፦ ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ? ሃሎ?

(አልተቋረጠም።)

፱

ስንዱ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት የተለማመደቻቸው፣ ከነጉዳቸው

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን እኮ አላየሁዎትም።»

ውሸት። ዓይን ለዓይን ተጋጭተዋል። ውሸቷን ደግሞ እያወቁ ዝም ይሏታል፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

«ጋሼ፣ ጠርሙስ መልቀም እኮ ነውር አይደለም።»

ወይ ጉድ! ይቺን ስሰማ እኔው ራሴ ነኝ ከወንበሬ የተነሳሁት። አንድ ሰው ነውር አይደለም ብሎ ሊያጽናናችሁ ሲመጣ አይታችሁ አታውቁም? ነውሩን ይዞላችሁ ነው የሚመጣው።

«ጋሼ፣ ያፈርኩት በራሴ ነው። ዶሮ ይዤ ነበር።»

እውነቱ ይሄ ነው። ግን ማን ያምናታል? «ምስኪን፣ እኔን ላለማሳፈር በሁዳዴ ዶሮ ገዛሁ ትላለች» ነው የሚሉት። እውነት ሆኖ ውሸት የሚመስል ነገር መቼም አይጣል ነው። ማስረጃ ካልያዙ በቀር አይነገርም።

፲፩

፲ የለም። ፲ ላይ ስንዱ አለቀሰች፤ ስለሱ ምን ይጻፋል።

ቅዳሜ መጣ። አልጋዋ ሥር የተከማቸውን የራሷን ባዶ ሃይላንድ በፌስታል ይዛ ወደ ሩቁ ሱቅ ሄደች። ማሽኑ ጋ ቆማ ጠበቀች። ጥቁር ባርኔጣ አልመጣም።

አይመጣምም። አሁን እዚያ ሱቅ ሐበሻ ይደርሳላ።

እሷው ናት ያሳደደቻቸው። አሮጌ ሰውዬ ትልቅ ፌስታል ይዘው ከዚህም የራቀ ሱቅ ፍለጋ እንዲሄዱ አደረገቻቸው። ውጭ ወጣች፤ ትራሙን መጨረሻው ፌርማታ ድረስ፣ ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ ወርዶ እስኪያጨስ ድረስ ሄደችበት። ከፌርማታው ባሻገር ሜዳ ነው። ከሜዳው ጥግ አንድ ሱቅ አለ።

መጀመሪያ ወደ ማቀዝቀዣው ገባች። ዶሮ ነበረ። ቀይ ወረቀት ያለበትን አነሳች። ወረቀቱን ወደ ላይ አዞረችው። ጎመን አልወሰደችም። ልትበላው ይሁን ለማስረጃ እኔም አልጠየቅኳት።

ከዚያ ቅርጫቷን በአንድ እጇ፣ ፌስታሏን በሌላው ይዛ ወደ ማሽኑ ሄደች።

፲፪

ሐበሻ ካየሽ

ጋሽ ድንበሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ጠርሙስ ላይ እፍ እያሉ ነው። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ተሰልፈዋል። ስንዱ አልፋ ሄደች። አንደኛው አጉረመረመ፤ ተራ መጣስ እዚያ አገር ትልቅ ወንጀል ነው።

«ጋሼ።»

እፍ ማለታቸውን አቆሙ። ቶሎ አልዞሩም። ጠርሙሱን ከአፋቸው አውርደው ያዙት፤ የት እንደሚያስቀምጡት ግራ ገባቸው። ሲዞሩ እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሄደ።

«ወይዘሪት …»

«ያምጡት» አለች ስንዱ። ቅርጫቷንም ፌስታሏንም መሬት ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ የሰማያዊውን ፌስታል ማንጠልጠያ ያዘች።

«ምኑን?»

«ፌስታሉን። ያምጡት ጋሼ። ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ ቆሞ እኔ ባዶ እጄን? ነውር ነው!»

ጋሽ ድንበሩ መሬቱን ነው የሚያዩት። መሬቱ ላይ ቅርጫቷ አለ፤ ቅርጫቱ ውስጥ ዶሮው አለ፤ ዶሮው ላይ ቀዩ ወረቀት አለ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«በሁዳዴ?»

«በሁዳዴ።»

«ያን ዕለትም?»

«ያን ዕለትም። ጎመን ሥር ነበረ። እንዳያዩብኝ ብዬ ነው ፊቴን ያዞርኩት። በእግዜር ስም፣ ጠርሙሱን ልብም አላልኩት። ትራም ውስጥ ነው የገባኝ። አፈር ልብላልዎት ጋሼ።»

ከኋላ ያለው ሰውዬ በጀርመንኛ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱም አልሰሙትም። የጋሽ ድንበሩ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅሱ ይሁን ሊስቁ ስንዱ አላወቀችም፤ እኔም አላወቅኩም።

ከዚያ ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ስንዱ አልለቀቀችም። ወደ ራሷ ሳበች።

እሳቸውም ሳቡ። ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች ይንኮሻኮሻሉ። ሰልፉ ከኋላቸው እየረዘመ ነው። የእኛ ሰው ቢያይ ግን ምን እየተደረገ እንደሆነ፣ ምን ብለው እንደሚመልሱላትም አይጠፋውም።

«በሞቴ ጋሼ! በሞቴ!»

«
 

 
»